ቀይ እስክሪብቶ

ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ በር ላይ ተቀምጬ፣
የሰው ደቂቃ ስለቅም፣ እንደ ምስር መርጬ፤
ሩብ ሰዓት ለዘገየ፣ የግማሽ ቀን ቆርጬ።
ኮምቦልቻ፣ ጨርቃ ጨርቅ፣ ከብረቱ በር ሥር፣
ጉሙ ከሐረጎ ወርዶ፣ ከሰው ጋር ሲደረደር።

ጥቁሩ ቀለም ነው፣ በሰዓቱ ለገባ፤
ቀዩ ግን የዚያን ክረምት ያለቀው በአንድ ስም፦ ጦይባ።

ጦይባ ይመር፣ ሽመና ክፍል፣ ማሽን ቁጥር ሠላሳ ሁለት፣
ድሮ ጥበቃውን ቀስቅሳ በር የምታስከፍት፤
ያን ሰሞን ግን ትመጣና፣ ደጅ ቆማ ትቀራለች፣
አንድ እግሯን ደፉ ላይ አድርጋ ታመነታለች፤
ማሽኑ ሲነሣ፣ ያን ቀጥቃጭ ድምፅ ስትሰማ፣
ነጠላዋን ጨምድዳ፣ ከግንቡ ጥግ ቆማ።
እኔ ምን ገዶኝ? ሰዓቴን አያለሁ።
«ሁለት ከዐሥራ ስምንት» ብዬ እጽፋለሁ።

ተናግራ አታውቅም። እኔም ጠይቄ አላውቅ።
ደንባችን ነው መሰል፣ ጭንቅን በሣቅ መደበቅ፤
«አልሐምዱሊላህ» ይባላል፣ አንገት እየተሰበረ፤
«እግዜር ይመስገን» ይባላል፣ ዓይን ሳይከደን እያደረ።
ፈቃድ ይጠየቃል፤ ትርፍ ሰዓት ይጠየቃል፤
«እንቅልፍ ከዳኝ» የሚል አቤቱታ በየትኛው ቅጽ ይሞላል?

አዲስ ሥራ አስኪያጅ መጣ፣ አቶ አራጋው እንድሪስ፣
መዝገቤን አገላበጠ፣ እስከ መጨረሻው ድረስ።
እኔ ምስጋና ጠብቄ፣ ኮሌታዬን ሳቀና፣
«ይህን ሁሉ ቀይ ጽፈህ፣ ‹ምን ነካሽ› አላልካትም ገና?»

መልስ የለኝም።
ሰዓት እንጂ ሰው አልተሰጠኝም።

ራሱ ወረደ፤ ቢሮ አላስጠራትም፤
«ለምን ዘገየሽ» የሚል ቃል ካፉ አልወጣም፤
በርጩማ ስቦ ተቀመጠ፣ ከክሩ ጥቅል አጠገብ፣
ዝም ብሎ ጠበቃት፣ ሐሳቧ እስኪሰበሰብ።
«ማሽኑ ሲነሣ» አለችው፣ «የተኩሱ ቀን ይመጣብኛል፤
ከአጥሩ ወዲያ ወንድሜ፣ ስሜን ይጣራብኛል፤
ማሽን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ገላዬ ግን አያምነኝም፤
ሌሊቱን ካልተኛሁ ደግሞ፣ ጧት ራሴን አላገኘውም።»

ተአምር አልሠራም ሰውዬው። ከሽመናው አዛወራት፣
ጨርቅ ፍተሻ፣ ድምፅ ወደማይደርስበት፣
ደመወዟ ሳይነካ፣ ደረጃዋም ባለበት።
ከመጋዘኑ ጀርባ፣ ስብርባሪ የሞላባት ክፍል ተጠረገች፤
ኖራ ተቀባች፤ ሁለት ወንበርና አንድ መጋረጃ አገኘች።
ሐሙስ ሐሙስ ከደሴ፣ ሲስተር ሰዓዳ ትመጣለች፣
ማን እንደገባ አይመዘገብም፤ በሩን ከውስጥ ትዘጋለች።
«እዚያ የገባውን ሰው» ብሎ አራጋው፣ «እንዳትጽፍ» አለኝ፤
ዕድሜዬን ስጽፍ ኖሬ፣ ያለመጻፍ ሥራ ሰጠኝ።

ሰው መቼም አያርፍም። «የእብድ ክፍል» አሏት አንዳንዶች፤
«ፋብሪካ ነው ጠበል?» አሉ፣ ሜትር የሚቆጥሩት ሹሞች።
በመጀመሪያው ወር ማንም አልገባ፤ ሲስተሯ ጋዜጣ አንብባ ሄደች፤
በሁለተኛው፣ አንዲት ከማቅለሚያ፣ «ራስ ምታት ነው» እያለች።
ከዚያ ሾፌሩ ተማም። ከዚያ ሁለት ከእሽግ ክፍል።
ሐሙስ እንደ ደመወዝ ቀን፣ ተናፋቂ ነገር መሰል።

ጦይባ? አሁንም አንዳንድ ቀን ታረፍዳለች።
ግን ትገባለች። በሩን ስታልፍ «እንዴት አደርክ» ትለኛለች።
«አማን ነኝ» እላታለሁ።
እዋሻታለሁ።

የልጄ አልጋ እንደተነጠፈ ነው፤ ሦስት ዓመቱ ተደፈነ፤
ሌሊት ሰዓት እቆጥራለሁ፤ ሥራዬ ቤቴም ድረስ ሆነ።

ትናንት ሐሙስ ነበር። በሩን ለጥበቃው ትቼ፣
በመጋዘኑ ጀርባ ዞርኩ፣ ኮፍያዬን በእጄ ይዤ፣ ፈርቼ።
ሲስተሯ ቀና አለች። ወንበሩን ሳበችልኝ።
ምን እንዳልኩ አላስታውስም፤ ብቻ ማልቀስ አላሳፈረኝ።

ስመለስ ጥበቃው ሳቀ፦ «ጋሼ፣ አርባ ደቂቃ ጠፉ!»
ቀዩን አነሣሁ፤ መልሼ አስቀመጥኩት።
ይጥፉ አልኩ። ይጥፉ።